አባታችሁን ከመደብ ላይ አስነሱልኝ!



እዚህ ገፅ ላይ አዘውትረን የምናወራው ስለ ልጆቻችሁ ነው፤ ስለ ክትባት፣ ስለ ተቅማጥ፣ ስለ ሳል። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ልጆቻችሁ አያቶች ነው። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቁጣም አለበት። ቁጣው ከፊሉ ወደ እናንተ፣ ከፊሉ ወደ ሙያ አጋሮቼ፣ ከፊሉ ደግሞ ወደ ራሴ ነው። እስከ መጨረሻው አንብቡኝና ከዚያ ተቆጡኝ።

በቅርቡ ከደምበጫ ዙሪያ ካለ የገጠር ቀበሌ አንድ አባት መጡ። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።) መጡ ስል በእግራቸው አይደለም፤ ሁለት ልጆቻቸው ግራና ቀኝ ይዘው ከባጃጅ አውርደው ነው ያስገቧቸው። ዕድሜያቸው ስልሳዎቹ ውስጥ ነው። የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ፤ ሌሊቱን ቆመው ማሕሌት የሚያድሩ ሰው። ፓርኪንሰን እንዳለባቸው ከታወቀ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ መድኃኒትም ይወስዳሉ።

ልጆቹ እንዴት እንደሚንከባከቧቸው ሲነግሩኝ ኩራት ነበረባቸው። "ዶክተር፣ እኛ እኮ ምንም ነገር አናስነካቸውም። ውኃ እንኳ ራሳቸው አይቀዱም። ጫማ እናጠልቅላቸዋለን፣ እናጎርሳቸዋለን፣ ከመደብ አይነሱም።"

"ቤተ ክርስቲያንስ?" አልኳቸው።

"ኧረ ይወድቃሉ ብለን አስቀርተናቸዋል። ሲንቀጠቀጡ ሰው ያያቸዋል ደግሞ።"

አባትየው መሬት መሬት ያያሉ። ፊታቸው ላይ ደስታም ኀዘንም አይነበብም፤ ይህ ከሕመሙ ነው፣ የፊት ጡንቻም ይገተራልና። ቀረብ ብዬ "አባቴ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ድምፃቸው ከሹክሹክታ አይበልጥም። "ልጄ፣ ሳልሞት ቀብረውኛል" አሉኝ።

ለምርመራ እንዲራመዱ አስነሳኋቸው። የበሩ ደፍ ላይ ሲደርሱ እግራቸው ከመሬት ጋር እንደተጣበቀ ቆመው ቀሩ። ልጆቹ ሊያነሷቸው ሲሮጡ "ተዋቸው" አልኩ። በእጃቸው ዱላ ነበር። "አባቴ፣ ዱላውን እንደ መቋሚያ ይያዙትና እንደ ማሕሌቱ ይምቱ" አልኳቸው። አንዴ መሬቱን መቱ። ሁለቴ መቱ። በሦስተኛው ምት እግራቸው ተነሳ። ደፉን አልፈው፣ እየመቱ እየተራመዱ፣ ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ሄደው ተመለሱ። ትልቁ ልጅ አፉን ይዞ ቀረ።

ተአምር አልነበረም፤ ሳይንሱ በደንብ የሚያውቀው ነገር ነው። ለዚያ ሰው ለሦስት ዓመት ግን ማንም አልነገራቸውም። እኔን ያናደደኝ ይህ ነው።

ፓርኪንሰን ምንድን ነው?

በአንጎላችን ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ኬሚካል የሚያመርቱ ሕዋሳት አሉ። ዶፓሚን ብዙ እንቅስቃሴዎችን ሳናስብባቸው እንድናደርጋቸው ይረዳናል፤ ስንሄድ እጃችንን ማወናጨፍ፣ ከመቀመጫ መነሳት፣ አልጋ ላይ መገላበጥ። እነዚህ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ሲሞቱ እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ጡንቻ ይገተራል፣ ሚዛን ይጠፋል፣ እጅ ወይም እግር በተለይ በዕረፍት ላይ ሳለ ይንቀጠቀጣል። እርምጃ ያጥራል፣ የእጅ ጽሑፍ ያንሳል፣ ድምፅ ይደክማል። የሆድ ድርቀት፣ የእንቅልፍ መረበሽ፣ የሽታ መጥፋትና ድባቴም አብረውት ይመጣሉ፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ከመንቀጥቀጡ ዓመታት ቀድመው ይጀምራሉ። የሚንቀጠቀጥ ሁሉ ፓርኪንሰን የለበትም፤ ፓርኪንሰን ያለበትም ሁሉ አይንቀጠቀጥም።

ሕመሙን በጽሑፍ ያስተዋወቀው ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለ የለንደን ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1817። የልደቱ ቀን የሆነው ሚያዝያ 3 (በፈረንጆቹ ኤፕሪል 11) የዓለም የፓርኪንሰን ቀን ተብሎ ይታሰባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከሕመሙ ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል። ስለዚህ አባታችሁ ብቻቸውን አይደሉም። እርግማን አይደለም፣ ቡዳ አይደለም፣ መተትም አይደለም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

እስካሁን ፈውስ የለውም። ሌቮዶፓን የመሰሉ መድኃኒቶች የጎደለውን ዶፓሚን እየተኩ ምልክቶቹን ያቀልላሉ። ከመድኃኒቱ ጎን ደግሞ ሌላ ሕክምና አለ፤ እርሱም የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። "ሕክምና" ያልኩት አውቄ ነው።

ማስረጃው ምን ይላል?

ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ዓለም አቀፍ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ትልቅ ግምገማ አወጣ። 156 ጥናቶችን፣ በድምሩ 7,939 ሕሙማንን ያካተተ ነበር። ጭፈራ፣ የመራመድና የሚዛን ልምምድ፣ የጡንቻ ማጠንከሪያ፣ በውኃ ውስጥ የሚሠራ እንቅስቃሴ፣ ሌላም ሌላም ተነጻጽሯል። አብዛኞቹ የእንቅስቃሴ ዓይነቶች የሕመሙን የእንቅስቃሴ ምልክቶችና የኑሮ ጥራትን ያሻሽላሉ የሚል ውጤት ተገኘ። ለእኛ ትልቁ ነጥብ ግን ሌላ ነው፤ አንዱ ዓይነት ከሌላው እጅግ ይበልጣል የሚያሰኝ ጠንካራ ማስረጃ አልተገኘም።

ይህ ለደምበጫ ሰው ምን ማለት ነው? ውድ ማሽን የለንም ብሎ መቀመጥ ምክንያት አይሆንም ማለት ነው። ዋናው መንቀሳቀሱና አለማቋረጡ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ 195 ሕሙማን ላይ የተሠራ ጥናት ደግሞ ታይ ቺ የሚባለውን ዝግ ያለ የቻይናውያን እንቅስቃሴ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሠሩት ሕሙማን ሚዛናቸው እንደተሻሻለ፣ ሰውነት ከማፍታታት በላይ ካልሠሩት ያነሰ እንደወደቁም አሳይቷል። "ይወድቃሉ ብለን አስቀመጥናቸው" የምትሉኝ ይህችን ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቡልኝ።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሌላ ጥናት ገና መድኃኒት ያልጀመሩ 128 ሕሙማንን ለስድስት ወር ተከታተለ። በመሮጫ ማሽን ላይ ልብ በኃይል እስኪመታ የሠሩት ምልክታቸው ብዙም አልተባባሰም፤ እንደ ወትሮው የኖሩት ግን ተባብሶባቸዋል። ይህ ተስፋ ሰጪ ነው፤ እንቅስቃሴ የሕዋሳቱን ሞት ራሱን ያቆማል ለማለት ግን አያበቃም። ስለዚህ "ስፖርት ፓርኪንሰንን ይፈውሳል" እያለ ቪዲዮ የሚለቅላችሁን አትመኑ። "በዚህ ቅጠል በሳምንት ይድናሉ" የሚለውንማ ጭራሽ። እኔ የምላችሁ ከዚህ ያነሰ፣ ነገር ግን እውነት ነው፤ አባታችሁ ራሳቸው ጫማቸውን የሚያጠልቁባቸውን ዓመታት ያረዝማል።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ

በተመረቅኩ በመጀመሪያው ዓመት አንዲት እናት መጡልኝ። መገተሩና ዝግታው ነበረባቸው፣ ግን ይሄዱ ነበር፣ ገበያ ይወጡ ነበር። መድኃኒት ጻፍኩና "እናቴ፣ አሁን ደክመዋል፣ ይረፉ፤ ሥራውን ለልጆች ይተዉት" ብዬ ሸኘኋቸው። ደግ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። ልጆቻቸውም "ሐኪሟ አዝዛለች" ብለው ቃሌን ጠበቁ።

ከዓመት በኋላ በቃሬዛ መጡ። ጉልበታቸው ታጥፎ አልዘረጋ ብሎ ነበር፤ ጀርባቸው ላይ የመኝታ ቁስል። በዚያ አንድ ዓመት ያን ሁሉ የወሰደባቸው ሕመሙ ብቻ አልነበረም፤ ምክሬም ነበረበት። "ይረፉ" የምትል አንዲት ቃል እንደ መድኃኒት ትዕዛዝ መጠን አላት፣ ጎጂ ጎንም አላት። ይህንን ማንም አላስተማረኝም ብል እውነት ነው፤ ግን እናቲቱን አያቆማቸውም። ዛሬ የምጮኸው ለዚህ ነው።

የምትመልሱልኝን አውቃለሁ

"ዶክተር፣ ስፖርት የከተሜ ነው። ለጎጃም ገበሬ ስፖርት ምን ይሠራለታል? ዕድሜ ልኩን አርሷል።"

አርሷል፤ አሁን ግን አያርስም። ትናንት የታረሰው እርሻ የዛሬን ጡንቻ አያቆምም። ደግሞም ፓርኪንሰን እንቅስቃሴን ያሳንሳል፤ ሰውየው በትልቁ የተራመደ እየመሰለው እግሩን ይጎትታል። ስለዚህ አስቦበት፣ አውቆ፣ በትልቁ መንቀሳቀስን መለማመድ አለበት። ይህን ስፖርት በሉት፣ ሥራ በሉት፤ ስሙ አያጣላንም።

"ቢወድቁስ?"

ፍርሃታችሁ እውነት ነው። በፓርኪንሰን ሕመም መውደቅ የተለመደ ነው፣ የዳሌ አጥንትም ይሰብራል። ሆኖም የተቀመጠ ሰው እግሩ ይሰላል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ሚዛኑ ይጠፋል፤ ከዚያ ሽንት ቤት ለመሄድ በተነሳባት በአንዷ ቀን ይወድቃል። ከመውደቅ የሚያድነው መቀመጥ ሳይሆን ሰው አጠገቡ ሆኖ መለማመድ ነው። አጠገባቸው ቁሙ እንጂ አትሸከሟቸው።

"ሰው ያየናል።"

ይቺ ከሁሉም ታሳዝነኛለች። አባታችሁን ስንት ዓመት ያከበራቸው ሰፈር እጃቸው ስለተንቀጠቀጠ ይንቃቸዋል ብላችሁ ነው? የሚንቅ ካለ እርሱ ይፈር። አዲስ አበባ ውስጥ ከሕመሙ ጋር የሚኖሩት ክብራ ከበደ ሕመማቸውን ደብቀው አልተቀመጡም፤ አደባባይ ወጥተው የፓርኪንሰን ሕሙማንን የሚደግፍ ድርጅት መሥርተዋል። የቦክሱ ጀግና መሐመድ አሊ እ.ኤ.አ. በ1984 ሕመሙ እንዳለበት ታወቀ፤ በ1996 ግን የሚንቀጠቀጠውን እጁን ሳይደብቅ ዓለም እያየው የአትላንታን የኦሎምፒክ ችቦ ለኮሰ። እናንተ ደግሞ ሰው እንዳያያቸው ብላችሁ ከቅዳሴ ታስቀራላችሁ!

"ጠበል ነው የምንወስዳቸው።"

ውሰዷቸው፤ እኔ አልቃወምም። ሁለት ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። መድኃኒቱን አታቋርጡ፤ ሌቮዶፓን በድንገት ማቆም ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሊያመጣ ይችላል። የሚችሉትን ያህል መንገድ ደግሞ በእግራቸው ይሂዱ።

"ደክሟቸዋል፣ አይፈልጉም።"

ድካምና ፍላጎት ማጣት ራሳቸው የሕመሙ ምልክቶች ናቸው፤ ስንፍና አይደሉም። ድባቴም ሊሆን ይችላልና ለሐኪም ንገሩ፤ ሕክምና አለው። ባይፈልጉም በአምስት ደቂቃ ጀምሩ። የልጅ ልጅ እጃቸውን ይዞ "አያ፣ ና እንሂድ" ሲላቸው እምቢ የሚሉ አያት ብዙ አላየሁም።

እንግዲህ ምን ይሠራ?

1. ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ። ግቡ በሳምንት በድምሩ 150 ደቂቃ ነው፤ ለምሳሌ 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን። ያልለመደ ሰው በቀን አሥር ደቂቃ ይጀምር። ልኩ ይህ ነው፤ እየሄዱ ማውራት ይችላሉ፣ መዝፈን ግን ያቅታቸዋል። ተረከዝ ቀድሞ ይረፍ፣ እርምጃው ሰፊ ይሁን፣ እጅ ይወናጨፍ። "በትልቁ!" እያላችሁ አስታውሷቸው።

2. መቀመጥና መነሳት። ዝቅተኛ በርጩማ ይከብዳል፤ ከፍ ባለና ግድግዳ በተደገፈ ወንበር ይጀመር። እግር ወደ ኋላ ሰብሰብ፣ አፍንጫ ከጉልበት ፊት ለፊት፣ ከዚያ ብድግ! አሥር ጊዜ፣ በቀን ሁለቴ።

3. ሚዛን። ግድግዳ ወይም ጠንካራ ጠረጴዛ ይዞ በአንድ እግር መቆም፣ ወደ ጎን መራመድ። ቢያንስ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሁልጊዜ ሰው አጠገብ እያለ።

4. ዜማና ምት። እግር ሲጣበቅ አትጎትቷቸው፤ መጎተት ይጥላቸዋል። መጀመሪያ ይቁሙ፣ ይተንፍሱ፣ ከዚያ "አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት" እያላችሁ ቁጠሩ፣ አጨብጭቡ፣ ወይም በዱላ መሬት ይምቱ። ከፊታቸው መሬት ላይ ቀጭን ገመድ ወይም መስመር አድርጋችሁ "እሱን ተሻገሩ" በሏቸው። በራሱ የሚሄደው የአንጎል መንገድ ሲበላሽ ምትና መስመር በሌላ መንገድ ይመሩታል። እስክስታም ይሁን፤ የተገተረ ትከሻ የሚፈታበት ከእስክስታ የተሻለ ነገር እኔ አላውቅም።

5. ድምፅ። በየቀኑ ጮክ ብለው ይቁጠሩ፣ ጮክ ብለው ዳዊት ይድገሙ ወይም ቁርኣን ይቅሩ፣ ለልጆች ጮክ ብለው ተረት ይንገሩ።

6. የራሳቸውን ሥራ ራሳቸው ይሥሩ። ጫማውን ያጥልቁ፣ ቁልፋቸውን ይቆልፉ፣ እንጀራውን ራሳቸው ይጉረሱ። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ይፍጅ። የምታስቡላቸው ከሆነ ጊዜ ስጧቸው፤ እጃቸውን አትውሰዱባቸው።

ጥንቃቄዎች

እንቅስቃሴው መድኃኒቱ በደንብ በሚሠራበት ሰዓት ይሁን፤ ለብዙዎች ከዋጡ አንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ሌቮዶፓ የሚወስዱ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ወይም አንድ ሰዓት በኋላ ቢውጡት ይሻላል፤ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ባቄላና የመሳሰሉት ከመድኃኒቱ ጋር ይሻማሉ። በፆም ወቅት የመድኃኒቱ ሰዓት እንዳይዛባ ከሐኪማችሁም ከነፍስ አባታችሁም ጋር ተመካከሩ።

ሲነሱ ራስ የሚያዞራቸው ከሆነ ደማቸው እየወረደ ይሆናል፤ ተቀምጠው ቆየት ይበሉና ቀስ ብለው ይነሱ፣ ግፊታቸውንም ተቀምጠውና ቆመው አስለኩ። የልብ ሕመም ያለባቸው፣ ደረታቸውን የሚያማቸው ወይም ደጋግመው የወደቁ ሰዎች ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ይያቸው። ውኃ ይጠጡ። ቤቱ ውስጥ የሚያደናቅፍ ምንጣፍና ገመድ ይነሳ፤ ሌሊት መብራት ይኑር።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ለማስመለስ የሚታዘዘው ፕላሲል (ሜቶክሎፕራማይድ) ለፓርኪንሰን ሕመምተኛ አይሆንም፤ ምልክቱን ያባብሳል። ለሌላ ሕመም በሄዳችሁ ቁጥር "አባታችን ፓርኪንሰን አለባቸው" ብላችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ።

ለሙያ አጋሮቼ

መድኃኒቱን ጽፈን "በሦስት ወር ይመለሱ" ብለን መሸኘታችንን እናቁም። አብዛኞቹ የነርቭ ሐኪሞች ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ ከደምበጫ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ። መንገዱ በሚዘጋበት፣ መድኃኒቱ ከመደብር በሚጠፋበት በዚህ ጊዜ፣ አሥር ደቂቃ ወስደን ለቤተሰቡ አነሳስና አረማመድ ብናሳይ ማንም አይከለክለንም፣ ወጪም የለውም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ባለበት ሁሉ ሕመሙ እንደታወቀ እንላክ እንጂ አልጋ ላይ እስኪወድቁ አንጠብቅ። መድኃኒቱ እንዲገኝ መጮኽም የእኛ ሥራ ነው፤ እንቅስቃሴ የመድኃኒት እጦት መሸፈኛ እንዲሆን አልጽፍም። ሁለቱም ይገባቸዋል።

እኒያ አባት እንዴት ሆኑ?

ከሁለት ወር በኋላ መጡ። አልዳኑም፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ በር ላይ አሁንም ይቆማሉ። ነገር ግን ከባጃጁ የወረዱት ራሳቸው ናቸው። ትንሹ ልጅ ከኋላቸው ይከተላል፣ እጁን ዘርግቶ፣ ሳይነካቸው። እንደዚያ ነው የሚታገዘው። ቅዳሜ ማታ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ማሕሌቱን እየተቀመጡ እየተነሱ እንዳደሩ ነገሩኝ፤ ድምፃቸው ከባለፈው ከፍ ብሎ ነበር።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስትገቡ አባታችሁ መደብ ላይ ካሉ ውኃ አታቅርቡላቸው። "አባዬ፣ ይነሱና አብረን እንቅዳ" በሏቸው።

ይህን ጽሑፍ ወላጃቸው ለታመመባቸው ወዳጆቻችሁ አካፍሉ። ማንበብ ለማይችሉም አንብቡላቸው።